ቅርቡን የማያየው ሌንስ

እቴነሽ ያን ጭቅጭቅ የሰማችው ድሮ ነው፤ ደብረ ታቦር፣ አንድ ፎቶ ቤት፣ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ተራ ስትጠብቅ። ከመጋረጃው ወዲያ ሁለት ሸሪኮች ስለ ሌንስ ግዢ ይሟገታሉ።

«የሚያቀርብ የሚያርቀው ዙም ሌንስ ይሻለናል፤ ሠርጉንም ወፉንም ያነሳል» ይላል አንዱ። «ያንተ ረጅም መድፍ ግን አፍንጫው ሥር ያለውን አያይም!»

የሌላውን መልስ ዘንግታዋለች። ስለ ገደል አንድ ነገር ብሎ ነበር።

ዛሬ እሷ ኢንስፔክተር ናት፤ ያ ሌላው ሰው መልካሙ ደግሞ ጉና ላይ ከገደል ሥር ሞቶ ተገኝቷል። ያ ረጅም ሌንስ፣ በባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ እንደተተከለ፣ ከአፋፉ ወደ ጥንብ አንሳ ጎጆ አቀርቅሯል። ከካሜራው ውስጥ ፎቶው የሚቀመጥበት ካርድ የለም።

«ገዳዩ ይኸው!» አለች ሚስቱ ጽጌ፣ የባሏን ሸሪክ ሙላቴን እየጠቆመች። «በሌንሱ የተነሳ ስንት ዓመት ሙሉ አኩርፎታል!»

«ሌንሱን እንጂ እሱን አልጠላሁም» አለ ሙላቴ፣ መሬት መሬት እያየ።

የቤተ ክርስቲያኑ ደን ጠባቂ ሞገስ ጣልቃ ገባ። «ማንም አልገደለውም እሜቴ። ጎጆውን ቁልቁል ሲያነሳ በዓይኔ በብረቱ አይቸዋለሁ። አዳልጦት ነው።»

እቴነሽ ጎጆውን አየች፤ ከአፋፉ በዱላ ይነካል። ከአፋፉ ርቃ ሣሩን ስትገላልጥ የማቆሚያው እግሮች የወጓቸውን ሦስት ቀዳዳዎች አገኘች።

«ጽጌ፣ ባልሽ ገደል ይደፍር ነበር?»

«ምን ይደፍራል! ሰገነት ላይ እንኳ ይዞርበታል። ‹ገደሉ ይራቀኝ፣ ወፉ ይቅረበኝ› ብሎ አይደል የገዛው!»

የተዘነጋው መልስ ይኸው ነበር። እቴነሽ ካሜራውን ቀዳዳዎቹ ላይ ተክላ በሌንሱ አሻግራ ተመለከተች። ከመንገድ ሲያዩት ጥቅጥቅ ያለው የደብሩ የጽድ ደን፣ መሐሉ ተመልጦ ጉቶው ገና ነጭ ነው።

ካሜራውን ወደ ነበረበት መልሳ ሁሉንም አፋፉ ላይ ሰበሰበቻቸው። «ሙላቴ፣ እስቲ ጎጆውን በዚህ ሌንስ አሳየኝ።»

ሙላቴ ጎንበስ ብሎ ቀና አለ። «ብዥ ይላል። ከዚህ ቅርበት አይሠራም። ነግሬው ነበር እኮ!»

«እንግዲያው መልካሙ እዚህ አልቆመም» አለች እቴነሽ። « ሙላቴም ቢገድለው ማቆሚያውን እዚህ አይተክልም፤ የተጣሉት በዚሁ ነውና። እዚህ የተከለው፣ ሌንስ ሁሉ ወደሚያነሳው ነገር መጠጋት ያለበት የመሰለው ሰው ነው። እዚህ ቆሞ ሲያነሳ አየሁት ያልከኝ ደግሞ አንተ ነህ ሞገስ። ያየህስ እሱ ነው፤ የደኑን ዙሪያ ትተህ መሐሉን ስታስጨፈጭፍ። እሱን ገደል ሰድደህ ማቆሚያውን እዚህ አመጣኸው።»

የሞገስ እጅ ወደ ኪሱ ሄደ። ከእቴነሽ ጋር የመጣው ፖሊስ ቀደመው፤ ካርዱ ለሁለት ተሰብሮ ወጣ።

«እግዜር ያየኛል ብዬ ያልፈራሁ፣ መልካሙ ያየኛል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?» አለ ሞገስ።

ጽጌ ሙላቴን ይቅርታ አልጠየቀችውም። እሱም አልጠበቀ።

«ካርዱ ከጥቅም ውጪ ሆኗል። ፍርድ ቤት ጉቶውን በፎቶ ማየት አለበት» አለች እቴነሽ፣ ወደ ሙላቴ ዞራ።

ሙላቴ ደኑን አሻግሮ አየ።

«እሱ ከቆመበት ቦታ» አለች ጽጌ፣ ፊቷን ሳትመልስ። «በሱው ሌንስ።»

ሙላቴ ያን ሌንስ እጄ አይነካውም ብሎ ምሎ ነበር። ከአፋፉ አነሳው፤ እንደ ሕፃን ታቀፈው።

«እሺ» አለ። «አነሳዋለሁ።»