ከዶሮው ወደ አልጋው

አሮጊቷ ሲሞቱ የሁሉም ዓይን ያረፈው በትልቁ ልጃቸው ላይ ነበር። ዶሮ አርቢ ነው፤ ዶሮዎቹም በወፍ ጉንፋን ካለቁበት ብዙም አልቆየ። እናትየው ወገባቸውን ከተሰበሩ ወዲህ ከመኝታ ቤት ወጥተው አያውቁም። የገደላቸው ያው የወፍ ጉንፋን መሆኑ ሲረጋገጥ፣ አብራቸው የምትኖረው ሴት ልጃቸው «አንተ ነህ ያመጣህባት!» ብላ ወንድሟ ላይ ጮኸች። እሱ አንገቱን ደፋ።

ለምርመራ የመጣችው የእንስሳት ሐኪም ባልደረቦቿ «አነፍናፊዋ» የሚሏት ናት። መጀመሪያ ወንድምየውን ጠየቀችው።

«የሞቱትን ዶሮዎች ምን አደረጓቸው?»

«ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኳቸው። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት አልገባሁም፤ እማዬን በመስኮት ነበር የምጠይቃት። አንድ ቀን ግን አላስችል ብሎኝ በመስኮቱ እጇን ሳምኩት። እሱ ነው፣ አይደል ዶክተር?»

ሐኪሟ ወደ መኝታ ቤቱ ገባች። የብርድ ልብሱ ግርጌ ተቧጭሮ ክሩ ተመዟል፤ አጫጭር ነጭ ጸጉርም ተጣብቆበታል።

«ድመት አላችሁ?»

«ነበረች» አለች ሴት ልጅየዋ ፊቷን አዙራ። «እማዬ ሳትታመም በፊት ጠፋች።»

ጓሮ ልብስ ማስጫው ሥር አፈሩ በቅርቡ ተነካክቷል። ሐኪሟ ጓንትና ጭንብል አድርጋ ቆፈረችው።

ውጤቱ ሲመጣ እህትና ወንድሙን፣ የእህትየዋንም ባል ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ቫይረስ የሚራባው ራሱን እየገለበጠ ነው፤ ሲገለብጥም ይሳሳታል። አብዛኛው ስህተት ከንቱ ነው። አንዳንዱ ግን የወፍ የነበረውን ቫይረስ ለአጥቢ እንስሳ ሰውነት ያለማምደዋል። እንዲህ ያለው ለውጥ ዶሮዎቹ ላይ የለም፤ እናታችሁ ላይ ግን አለ።»

«እሳቸው ውስጥ ተለውጦ ቢሆንስ?» አለ ባልየው።

«እኔም ያንን ነበር የጠረጠርኩት። ነገር ግን ጓሮ የተቀበረችው ድመት ላይ ያንኑ ለውጥ አገኘነው፤ እሷ ደግሞ ቀድማ ነው የሞተችው። ሆዷ ውስጥ የዶሮ ላባ አለ። እንግዲህ እጅ መሳም አይደለም እናታችሁን የገደለው፤ እግራቸው ሥር የምትተኛው ድመት ናት። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የጠፋችን ድመት ማን ቀበራት?»

ባል ሚስቱን አየ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«የዶሮዎቹ ጉድጓድ ሳይደፈን አንዷን አነሳሁ። ለድመቷ፣ ከሚጣል ብዬ... ስትሞት ገባኝ፤ ደብቄ ቀበርኳት። እማዬ ማሳል ስትጀምር እንኳ ለሐኪም አልተናገርኩም። ወንድም ጋሼ፣ አንተን ለመክሰስ የተሽቀዳደምኩት ለዚህ ነው።»



«እኔ እኮ» አላት ወንድምየው፣ «ገደልካት ስትይኝ አምኜሽ ነበር።»