ዙሩ ብዙ የሆነ ሞተር

ትንሿ የእንጨት ጀልባ ሳፋው ውስጥ አንዴ ጮኸችና አፍንጫዋን ውሃው ውስጥ ደፋች። ልጅቷ ሪሞቱን ጥላ ሞተሩን ብትነካው ጣቷን ለበለባት። የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ግቢውን ሞላው።

«አበቃልን!» አለች ቱርቦ። ቱርቦ የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ ስሙ የወጣላት ማውራት ከጀመረች ፍሬን ስለሌላት ነው። «የጀልባ ውድድሩ ስምንት ሰዓት ነው፣ ካረፈድን አያስገቡንም፣ ሞተሩን ደግሞ አንቺ ነሽ የመረጥሽው፣ እኔ አልመረጥኩም!»

እውነቷን ነው። ግን የመረጠችው አባቷ ባላት መሠረት ነበር።

አባቷ የተቃጠለ የፓምፕና የወፍጮ ሞተር እየፈታ፣ ሽቦውን እንደገና ሲጠቀልል የኖረ ሰው ነው። ከአራት ወር በፊት ስትሮክ ቀኝ እጁን ያዘው። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ተዘግቷል፤ እሱም መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይውላል። ምላሱ ቢፈታም ቃል ይቆጥባል። መፍቻ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ልጅቷ እዚያው ቤት ውስጥ እያለ ይናፍቃታል።

ስለ ጀልባዋ ሞተር ስትጠይቀው ግን ሦስት ቃል ጣል አደረገላት። «ዙሩ ብዙ ይሁን።» ደስ ብሏት መለዋወጫ ሻጩ ጋ በረረች።

«ዙሩ ብዙ የሆነ አለህ?»

«ይሄ በደቂቃ ሠላሳ ሺህ ይዞራል! ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት ሻጩ።

አሁን ሽታው በመስኮቱ ገብቶ አባቷን ቀሰቀሰው። «ብሎኔ!» ሲል ተጣራ። እንዲህ የሚላት በልጅነቷ ሱቁ ውስጥ የወደቀ ብሎን ስለምትለቅምለት ነው። «ምን አቃጠልሽ?»

ሞተሩን በጨርቅ ይዛ ገባች። «ዙሩ ብዙ ይሁን አላልከኝም? ሠላሳ ሺህ ይዞራል ተባልኩ!»

አባቷ አፈጠጠባት። ከዚያ ሳቀ። መጀመሪያ ግማሽ ፊቱ ሳቀ፤ ሌላውም እንደ ምንም ተከተለው።

«የሽቦውን ዙር እኮ ነው ያልኩሽ! ሽቦው... ብዙ ጊዜ ሲጠቀለል፣ ሞተሩ ቀስ ይላል። ግን ይገፋል። ጀልባሽ እንጨት ናት፣ ከባድ ናት። የሚሮጥ ሞተር እሷን ልግፋ ሲል ይቃጠላል።»

በአራት ወር ውስጥ ይህን ያህል አውርቶ አያውቅም። ልጅቷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ሰማችው።

«እንጠቅልለዋ፣ አባዬ!» አለች፤ ከአፏ አመለጣት።

አባቷ ቀኝ እጁን አየ። «ቀጭኑ ሽቦ አልጋው ሥር ነው» አለ።

«ኧረ አቦ!» አለች ተከትላት የገባችው ቱርቦ። «አጎቴ ጋ ቀስ የሚል ሞተር አለ። አንዴ ልደውል፣ በአሥር ደቂቃ ይመጣል።»

«ትንሽ ቆዪ» አለቻት ልጅቷ።

የተቃጠለውን ሽቦ ፈትተው ጣሉት። የሞተሩ የሚዞረው ክፍል ሦስት ክንድ አለው፤ በእያንዳንዱ ክንድ ላይ ሰባ ዙር ይጠቀለላል። አባቷ የሽቦውን ጫፍ በግራ አውራ ጣቱ ተጭኖ ይቆጥራል፤ እሷ ትጠቀልላለች። አንደኛው ክንድ አለቀ። ሁለተኛውም አለቀ። ድምፁ እየደመቀ ሄደ። «እጅሽን ላላ አድርጊ!» ብሎ እስከ መቆጣት ደረሰ፤ እሷም ቁጣው ጣማት።

ሦስተኛው ክንድ ላይ አባቷ መቁጠር አቆመ።

«አርባ... አርባ ስንት ነበር?»

ድሮ ከደንበኛ ጋር እየተጨቃጨቀ አራት መቶ ዙር ሲቆጥር አንድም የማይስት ሰው ነበር። አውራ ጣቱን ከሽቦው ላይ አነሳ።

«ተይው። የአጎቷን ሞተር አስመጪ። እኔ ከእንግዲህ አልሆንም።»

አርባ ስድስት ነበር። ልጅቷ በልቧ ስትቆጥር ነበር። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ብሏል፤ አሁን ከቀጠሉ ለጥቂት ይደርሳሉ፤ እንደገና ከጀመሩ ግን ያረፍዳሉ። ቁጥሩን ከነገረችው ግን እሱ ባይኖርም ይቆጠር እንደነበር ያውቃል፤ ተመልሶም መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ቱርቦም አፏን ልትከፍት ስትል አየቻት፤ ለካ እሷም ስትቆጥር ኖሯል። ልጅቷ በዓይኗ ለመነቻት። ቱርቦ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ዘጋች።

«እኔም ጠፋብኝ፣ አባዬ» አለች ልጅቷ።

አርባ ስድስቱን ዙር መፍታት ጀመረች። ቱርቦ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ከዚያ ስልኳን ኪሷ ከተተች። «ውድድር በሚቀጥለው ዓመትም አለ» ብላ አጉረመረመችና የሽቦውን ጥቅል ልትይዝላቸው ተጠጋች።

ልጅቷ የሽቦውን ጫፍ አባቷ አውራ ጣት ሥር አስገባችው።

«ከአንድ እንጀምር» አለችው።

አባቷ ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ጣቱን ሽቦው ላይ ጫን አደረገ።

«አንድ» አለ።