በእግርህ እስክትመጣ

የልጄ ሱሪ ቀኝ እግሩ ላይ ብቻ ጥቁር ዘይት ነበረበት። ግራው ንጹሕ ነው። ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ከወፍጮ ቤት ያመጣችው መሰለኝ። የሳይክል ሰንሰለት በቀኝ በኩል እንደሆነ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ያኔ ጽናት ሳይክል መንዳት ለምዳ፣ ባለሳይክሉንም ወዳ ጨርሳ ነበር።

ጌታነሽ እባላለሁ። ሞላሌ ገበያ ላይ ዝተት እሸጣለሁ፤ ከበግ ፀጉር የሚሠራውን የአገራችንን ከባድ ብርድ ልብስ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም። ግን ፈሪ ነኝ። ስልክ ሲጠራ መጀመሪያ የማስበው ማን እንደሞተ ነው። ባለቤቴ ወዳጆ «አንቺ እኮ ሰው ሲያስነጥስ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ትለብሻለሽ!» እያለ ይስቅብኛል።

ይህን የምጽፍላችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ልጄ የወደደችውን ሰው ያጣችው በእኔ አፍ ስለሆነ ነው።

አትናቴዎስን መጀመሪያ ያየነው በገበያ ቀን ነው። ዘመሮ ከተማ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ በዕረፍት ቀኑ በሳይክል አገር ለአገር ይዞራል። ያን ቀን ከቁልቁለቱ እየበረረ ሲመጣ አንዲት በግ መሐል መንገድ ገባችበት። በጓን ለማዳን መሪውን ጠመዘዘ። ሳይክሉ ወዲያ ሄደ፤ እሱ የዝተቴ ክምር ላይ በአፍ ጢሙ ተደፋ።

«ሞተ!» ብዬ ጮኽኩ።

«አልሞትኩም እማማ» አለ ከዝተቱ ውስጥ። «እንዲያውም ይሞቃል!»

ጽናት አጠገቤ ነበረች። ሳቋን ልትይዝ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ አልቻለችም።

«ሳይክልህ ፍሬን የለውም እንዴ?» አለችው።

«ፍሬንስ አለው። ልብ የሌለው ባለቤቱ ነው።»

«የእናቴን ዝተት አቆሸሽክ።»

«እገዛዋለሁ።»

«በምን ልትሸከመው ነው? በዚህ ቀጭን ብረት?»

«እንግዲያው እዚሁ ይቀመጥልኝ... በየሳምንቱ እየመጣሁ አየዋለሁ።»

ይህን ሲል ዓይኑ ዝተቱ ላይ አልነበረም።

እንዳለውም በየሳምንቱ መጣ። እያደር ቤታችን ገባ፤ ወዳጆም ወደደው።

«አንተ ልጅ፣ ፈረስ አይሻልህም?» ይለዋል።

«ፈረስ ገብስ ይፈልጋል ጋሼ።»

«ሳይክልስ ምን ይፈልጋል?»

«እኔን!»

እውነቱን ነው። በሥራ ቀን እንኳ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ ሳያስተምር በፊት ይነዳል። ውርጩ ደረቱን እንዳይመታው ከሹራቡ ሥር ጋዜጣ ያደርጋል። ጣቶቹ ደንዝዘው ፍሬን መያዝ ሲያቅታቸው ወርዶ በብብቱ ያሞቃቸዋል። በውሃ መያዣው በሶ በጥብጦ ይይዛል። ለዚህ ሁሉ ማንም አምስት ሳንቲም አይከፍለውም።

«ታዲያ ምን ታገኝበታለህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ዳገት ላይ ሁሉን ነገር እጠላለሁ እማማ። ሳይክሉንም፣ ራሴንም። ጫፉ ላይ ስደርስ ግን አገሩ ሁሉ ይታየኛል... ያን ጊዜ በማንም ላይ ቂም የለኝም።»

ጽናት ራቱን ትታ እሱን ታያለች። ለእኔ የታየኝ የተሰበረ አንገት ብቻ ነበር።

ጥር ላይ ከቀብር ስመለስ በመንገዱ ዳር ቆሜ አየኋቸው። እሱ ይነዳል፤ ልጄ ከፊቱ ባለው ብረት ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ዘርግታለች። ትስቃለች። የነጠላዋ ጫፍ ጎማው ውስጥ ሊገባ አንድ ጣት ቀርቶታል። ጠጠሩን እየበተኑ በአጠገቤ አለፉ፤ እኔን ግን አላዩኝም።

ለማንም አልተናገርኩም። በሳምንቱ ከቁልቁለቱ አናት ላይ ብቻዬን ወጥቼ ጠበቅሁት።

«እንዴት አደሩ እማማ! በሰላም ነው?» ብሎ ከሳይክሉ ወረደ።

«ልጄን ትወዳታለህ?»

አንገቱን ደፋ። «እወዳታለሁ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልልክ አስቤያለሁ።»

«እንግዲያው ሳይክሉን ተወው።»

«እማማ... ከፋሲካ በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ ውድድር አለኝ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነው። ከዚያ በኋላ...»

«ከዚያ በኋላ የማንን ሬሳ ላነሳ ነው? ያንተን ወይስ የልጄን?»

«ኧረ እማማ፣ እንዲህ አይበሉ!»

ያን ጊዜ ተናገርኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«ሳይክሉን ትተህ፣ በእግርህ መጥተህ ደጄ እስክትቆም ድረስ ልጄን እንዳታያት፣ እንዳታናግራት! እንዲህ ማለቴንም እንዳትነግራት! በሥላሴ ስም ገዝቼሃለሁ!»

በእኛ አገር ግዝት ቀልድ አይደለም። የተገዘተ ሰው ካህን እስኪፈታው ድረስ ቃሉን አይሽርም። የልጁ ፊት አመድ መሰለ።

«እባክዎ ያንሱልኝ እማማ...»

«አላነሳም!»

ሳይክሉን ወደ መጣበት አዞረ። አልወጣበትም፤ እየገፋ ሄደ። እኔም በልቤ፣ ወይ በሳምንቱ በእግሩ ይመጣል፣ ወይ ይረሳታል አልኩ። ሁለቱም ለእኔ ደህና ነበሩ።

ሳምንት አለፈ። ሁለት ሆነ። ጽናት በገበያ ቀን ዝተቱን ሳይሆን መንገዱን ስትጠብቅ ትውላለች።

«እማዬ፣ ስልኩ ይጠራል ግን አያነሳም። አንድ ነገር ሆኖ ይሆን?»

ዕድሜዬን ሙሉ ክፉ ክፉውን ሳወራ የኖርኩ ሴት፣ ያን ቀን «ምን ይሆናል? ወንድ ልጅ ነው» አልኳት።

ከዚያ ከዘመሮ ለገበያ የመጣችን አንዲት ሴት ጠየቀች። ማታ ቤት ስትገባ ከንፈሯ ደርቋል።

«ደህና ነው እማዬ። ጠዋት ጠዋት ይነዳል አሉኝ። የተወው እኔን ብቻ ነው።»

ታመመች። ሐኪሙ ምንም በሽታ አላገኘባትም። የምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ሰው እየላከ ይጠይቃታል። በሁዳዴ ከቅዳሴ ስንመለስ ክንዴን ያዘችኝ።

«ስለት ተሳልኩ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ምን እንዳጠፋሁ ብቻ እንዲነግረኝ። ባይመለስም ግድ የለም... ጥፋቴን ልወቀው።»

አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ዛሬ ሳስበው መንገሪያው ጊዜ ያ ነበር።

በሕመሟ ጊዜ ሳያሰልስ የጠየቃት ዱባለ ነው። ከገበያው አጠገብ ጨውና ሳሙና የሚሸጥ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። ብርቱካን ይዞ ይመጣል፤ ሁለት ቃል ተናግሮ ይሄዳል። ከሆሳዕና በፊት ሽማግሌዎች ላከ። ጋሽ ትዕዛዙ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆመው ተናገሩ፤

«ልጃችን ዱባለ ከሱቁና ከቤቱ ሌላ የሚያውቀው መንገድ የለውም። አይጠጣ፣ አይሳደብ፣ አይበር!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የመጨረሻዋ ቃል ለማን እንደተወረወረች ጠፍቶት አይደለም።

እንደ ወጉ ዘር ተቆጠረ። እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። ስለ ክፋቴ ልንገራችሁ፤ ዝምድና በተገኘ ብዬ ተመኘሁ። እግዜር ነገሩን ያበላሽልኝና እኔ ከመናገር ልዳን ብዬ። አልተገኘም።

«ምን ልበላቸው?» አልኳት ጽናትን በጓዳ።

«እሺ በያቸው።»

«ትወጂዋለሽ?»

«ሲሄድ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ይበቃኛል እማዬ።»

ሠርጉ ለግንቦት ተቆረጠ።

ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ደጃፍ ተቀምጬ ለጠላው ጌሾ እለቅማለሁ። አንድ ሰው በግቢያችን በር ገባ። እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው። የአንድ እግሩ ጫማ አፉን ከፍቷል። ከዘመሮ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ቀኑን ሙሉ ተጉዟል።

«እማማ» አለኝ፤ «በእግሬ መጣሁ።»

ጌሾው ከእጄ ወደቀ። «ሳይክሉስ?»

«ሸጥኩት። ውድድሩ ባለፈ ዓርብ ነበር፤ ሰባተኛ ወጣሁ። በማግስቱ ሸጥኩት።»

ጽናት ድምፁን ሰምታ ወጣች። ስታየው ግድግዳውን ያዘች።

«ምን ልታደርግ መጣህ?»

ወደ እኔ ተመለከተ። ደጄ ቆሟልና ግዝቱ አብቅቷል፤ ሁሉንም መናገር ይችል ነበር። አልተናገረም፤ ለእኔ ተወልኝ። «ልጄ ሠርግ አለባት፣ ሂድ» ብዬው ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ይሄድ የነበረ ይመስለኛል። ዓይኑ ግን ያሳዝን ነበር።

«እኔ ነኝ ጽናቴ» አልኩ። «በጥር የገዘትኩት እኔ ነኝ። እንዳያይሽ፣ እንዳያናግርሽ፣ እንዳይነግርሽም። በእግሩ እስኪመጣ ድረስ።»

ወዳጆ ከውስጥ ወጣ። «ጌታነሽ! ምን አደረግሽ?»

ጽናት አልጮኸችም። ብትጮህልኝ በወደድኩ።

«ስለት ስሳል ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ዘር ሲቆጠርስ?»

«አውቅ ነበር ልጄ።»

ወደ እሱ ዞረች። ፊቷ ሲለሰልስ አየሁት፤ ከጥር ወዲህ እንዲያ ሆኖ አያውቅም። እጇን ዘርግታ የእጅጌውን አቧራ ነካች።

«አንድ ቀን አልረሳሁሽም» አላት። «ስልኩ ሲጠራ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ስምሽን እያየሁ... እስኪያቆም።»

«አትናቴ...»

«ወዬ!»

«ዘመሮ ቄስ የለም?»

«አሉ።»

«ግዝት እኮ ይፈታል» አለች። «አንድ ጠዋት ነው የሚፈጀው። ለምን ለንስሐ አባትህ አልነገርካቸውም?»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«‹ሳይክሉን ተውና ሂድ› ይሉኛል ብዬ። ውድድሩ እስኪያልፍ ብዬ... ከዚያ ሁሉን ትቼ ልመጣ። ትጠብቀኛለች ብዬ።»

«ጠብቄሃለሁ። አራት ወር ሙሉ ጥፋቴን ስፈልግ ነበር።»

«ጽናቴ፣ ይኸው መጣሁ እኮ! በእግሬ መጣሁ!»

«በጥርም እግር ነበረህ።»

እጇን ከእጅጌው ላይ አነሳች። ልጁ ያን ሁሉ መንገድ ሳይቀመጥ መጥቶ፣ ይህን ሲሰማ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«እወድሃለሁ» አለችው፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ውሸት አይደለም፣ እወድሃለሁ። ግን አንተና እማዬ እኔን ሳትጠይቁኝ በእኔ ላይ ተስማማችሁ። እሷ ፈራች፣ አንተ ተመቸህ። ነገ ሌላ ነገር ሲመጣ ደግሞ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሂድ አትናቴ።»

«ዱባለን ልታገቢ?»

«አላገባውም። እሱ ምን በድሎ ነው የምዋሸው?»

ወዳጆ ልጁን ክንዱን ይዞ አነሳው። «ና ልጄ፣ አልጋ ቤት ላድርስህ። ብርዱ አይቻልም።» አትናቴዎስ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየ። ከዚያ በሚያነክስ እግሩ ሄደ።

እንዳለችው አደረገች። በማግስቱ ለዱባለ ራሷ ነገረችው። «ሽማግሌዎቹን እኔ እመልሳለሁ፤ ያንቺ ስም አይነሳ» አላት። ጨዋ ልጅ ነው። እሷም ዓለም ከተማ አክስቷ ይዘንጋሽ ጋ ሄዳ እዚያ ሕፃናት ታስተምራለች። ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ መጀመሪያ የምትጠይቀው «አባዬ አለ?» ብላ ነው። አትናቴዎስ ሌላ ሳይክል አልገዛም አሉ። አላገባምም።

ያን ምሽት ግን ወዳጆ እስኪመለስ በሩ እንደተከፈተ ነበር። ተመልሶ ገባና ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። ብርዱ እስከ ጓዳ ዘለቀ። ጽናት መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። «ልዝጋው?» አልኳት። ዓይኗን ከደጁ አላነሳችም።

ስለዚህ ሳልዘጋው ቆየሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄ በጨለማ ሮጣ እንድትወጣ ለመንኩ። ትሂድ፣ ትድረስበት፣ ትውደቅም እንኳ አልኩ... እኔ፣ ጌታነሽ!

ተነሳች። ልቤ ዘለለ። በአጠገቤ አልፋ ደፉ ላይ ቆመች፤ ልጁ የሄደበትን መንገድ ረጅም ጊዜ አየች። ትንፋሿ በብርዱ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ከዚያ በሩን ሳበችው። መወርወሪያውን ጣለች፤ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው።