ያልተሰካው ኪቦርድ

እኔ የጠንቋይ ደጃፍ ረግጬ የማላውቅ፣ "ቡዳ በላው" ሲባል ከት ብዬ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ስለሆነ ምንም ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የምጠረጥረው ገመዱን ነው፣ እና እባካችሁ ሳልጨርስ አትሳቁብኝ።

አጎቴን ጋሽ ወርቅነህን ጎረቤላ ከተማ ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ሃያ ምናምን ዓመት ፍርድ ቤቱ አጠገብ ተቀምጠው የሰው አቤቱታ ሲጽፉ ኖረዋል፣ መጀመሪያ በታይፕ፣ በኋላ በኮምፒውተር። አምና እዚያው ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ስትሮክ መታቸውና ለሕክምና ደብረ ብርሃን፣ እኔ ቤት መጡ። አንደበታቸው ተመለሰ፣ ቀኝ እጃቸው ግን እንደተኛ ቀረ። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ጉሙን ያያሉ። "ጸሐፊ እጁን ከተቀማ ምን ሊሆን ይኖራል?" ይሉኛል። በኋላማ ምግብም እየተዉ ሲመጡ እውነቴን ነው ፈራሁ።

እናም በግራ እጅ ብቻ የሚጻፍበት ኪቦርድ ልሠራላቸው ተነሳሁ፣ ጥቂት ቁልፎች፣ ሁሉም ጣት የሚደርስባቸው። ቁልፎቹን መበየዱ ቀላል ነው፣ ልብ የሚያደርቀው ፈርምዌሩ ነው፣ የትኛው ቁልፍ ሲነካ የትኛው ፊደል እንደሚወጣ የሚወስነው፣ ኪቦርዱ ሆድ ውስጥ የሚቀመጠው ትንሽ ፕሮግራም ማለቴ ነው። የደንበኛ ሥራ ያለበት ላፕቶፔ እንዳይረበሽ ብዬ እሱን የምሠራው በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነበር፣ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ሌላ ኮምፒውተር በሉት፣ በሩን ከዘጋችሁበት ከውጭ ምንም አይገባም።

ሐሙስ ነው፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ጉሙ ወርዶ የጎረቤት ቆርቆሮ እንኳ አይታይም። ፕሮግራሙ ስንት ጊዜ ስህተት ብሎ ከመለሰኝ በኋላ ገና ያኔ አለቀልኝ። ተመስገን ብዬ እጄን ሳፍታታ ጠረጴዛው ላይ ካለው ኪቦርድ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አልተሰካም፣ ገመዱ እኔ ጉልበት ላይ ነው። ብርዱ ፕላስቲኩን አኮማተረው አልኩ። ደግሞ "ቀጭ"። ቀና ስል ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ለሙከራ የከፈትኩት ባዶ ገጽ ላይ "እ" የምትል ፊደል ተቀምጣለች።

አጠፋኋት። ተመልሳ መጣች፣ ከኋላዋም "ኔ"።

እመኑኝ፣ ማድረግ ያለብኝን ሁሉ አደረግኩ፣ ኢንተርኔቱን ዘጋሁ፣ ማውዙን ነቀልኩ፣ ቨርቹዋል ማሽኑን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘውን ሁሉ አንድ በአንድ አጠፋሁ፣ ሁለት እጄንም ብብቴ ውስጥ ከትቼ ቁጭ አልኩ። ፊደሎቹ ግን ቀጠሉ፣ ዝግ ብለው፣ ሌላው እየነገረው እንደሚጽፍ ሰው ትንሽ ቆም እያሉ።

"ጋሼ፣ ይህን ይስሙኝማ" አልኩና መስኮቱ ሥር ላሉት አጎቴ አነበብኩላቸው። "እኔ አመልካች ዘሃራ፣ ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ልጆቼን የማሳድግበትን ማሳ የባለቤቴ ወንድም ድንበሩን ነቅሎ..."

"ከዚያስ?"

"ቆመ። ሌላ የለም።"

ጋሽ ወርቅነህ ፊታቸው አመድ መሰለ። "አይኖርማ" አሉ ቀስ ብለው፣ "እጄ የወደቀው እዚያ ላይ ነው። የአልዩ አምባ ሴት ናት፣ ፊቴ ተቀምጣ እየነገረችኝ፣ 'ነቅሎ' የሚለውን እንደጻፍኩ ነው የሆንኩትን የሆንኩት።"

"የድሮው ኮምፒውተርዎ ላይ ተቀምጦ ይሆናላ፣ ከዚያ ይሆናል የመጣው።"

"ምኑ ተቀምጦ! ስወድቅ ገመዱን ነቅዬው ነው የወደቅኩት።" ከዚያ ግራ እጃቸውን ዘረጉ። "አምጪው። ያንን ነገርሽን ጫኚበትና አምጪልኝ፣ ጉዳዩን አውቀዋለሁ፣ ልጨርሰው።"

ፈርምዌሩን ጫንኩት፣ ኪቦርዱን ሰካሁላቸው። እስኪመሽ ጻፉ፣ እየተሳሳቱ፣ እየተራገሙ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንባቸውን በትከሻቸው ጠርገው። ማታ ራት በሉ።

ቅዳሜ የታተመውን ወረቀት ይዘን በጎረቤላ በኩል አልዩ አምባ ወረድን። ዘሃራ ቤቷ በር ላይ ሽንኩርት ስትመርጥ አገኘናት፣ ጋሽ ወርቅነህን ስታይ የያዘችው ከእጇ ወደቀ።

"ጋሽ ወርቅነህ! ሞቱ ብለውኝ እኮ ነበር!"

"አለሁ። ማመልከቻሽን ሳልጨርስልሽ ቀርቼ..."

"ያ ነገር!" አለች፣ ትንሽ ወደኋላ እያለች። "ሐሙስ ዕለት የአስር ሶላት ሰግጄ ስነሳ ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ ወላሂ፣ እርስዎ ፊት እንደተቀመጥኩ ሆኜ ጉዳዬን ለብቻዬ ከመጀመሪያው ስናገር ነበር። ልጆቼ አበደች አሉ። ድንበሩን ነቅሎ ካልኩ በኋላ ግን አፌ ተያዘ።"

እኔና አጎቴ አልተያየንም።

ማመልከቻው ገባ፣ ጉዳዩም ተከፈተ፣ ማሳው ገና አልተመለሰላትም፣ ግን ቀጠሮ ይዛለች። ጋሽ ወርቅነህም ኪቦርዳቸውን ታቅፈው ጎረቤላ ወንበራቸው ላይ ተመልሰዋል፣ በግራ እጅ ሲጽፉ ለማየት የሚመጣ ሰው አለ ይባላል። እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ።

ቨርቹዋል ማሽኑን ከዚያች ሐሙስ ወዲህ አልከፈትኩትም። ተዘግቶ የተቀመጠ ፋይል ነው፣ ካልተከፈተ መጠኑ አይጨምርም፣ ሊጨምርም አይችልም። ባለፈው ሰሞን ዲስኬ ሞላ ሲለኝ ምን እንደሞላው ባይ እሱ ነው፣ አድጓል። ለጋሽ ወርቅነህ ነገርኳቸው፣ እሳቸውም ወዲያው ለዘሃራ ደወሉ።

"ኧረ እኔስ ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ አላልኩም" አለቻቸው።

ስልኩን ዘግተው መልሰው ደወሉልኝ። "ነገ እመለሳለሁ ብለው የቀሩ ባለጉዳዮች ብዙ ናቸው" አሉኝ፣ "ጀምሬላቸው ሳልጨርስላቸው። ግማሾቹን እኔ ራሴ ቀብሬአለሁ። እስቲ ክፈቺውና ማን እንደሆነ ንገሪኝ።"

እሺ አልኳቸው። ዛሬ ጠዋትም ደውለው "ከፈትሽው?" አሉኝ፣ መብራት የለም ብዬ ዋሸኋቸው። ስልኩን ስዘጋ መጠኑን አየሁት፣ ከትናንቱ በልጧል።