መብራት ሲመለስ

ንፋስ መውጫ፣ ከባጃጅ ተራው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ቤት፣ ይታየው ብቻውን ይሠራ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ የአባቱን የአናጺነት ሙያ ቢይዝም፣ ልቡ ያለው ስልኩ ላይ እያየ በገዛ እጁ በገጣጠማት ሲኤንሲ ማሽን ላይ ነው። ማሽኗ ከኮምፒውተር የተቀበለችውን ሥዕል እንጨት ላይ ትቀርጻለች። ከአሮጌ ፕሪንተር የነቀላቸው ትናንሽ ሞተሮች ወዲያና ወዲህ ያስኬዷታል፤ መቅረጫውን የሚያሽከረክረውን ትልቁን ሞተር ግን እሱ ራሱ እየተነሳ ያበራዋል፣ ያጠፋዋል።

አንድ ቅዳሜ ማንአለሽ የምትባል ወጣት ገባች። የቴክኒክ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ መምህርት ናት፤ የመጣችው እስቴ ለሚኖሩት አባቷ፣ ለመሪጌታ ተሻገር፣ መጽሐፍ የሚያነቡበት አትሮንስ ልታሠራ ነው። ማሽኗን ስታይ የመጣችበትን ረሳችው።

«ይሄን ትልቁን ሞተር ማነው የሚያስነሳው?»

«እኔ ነኛ።»

«እንግዲያው አንተ የማሽኗ ተላላኪ ነህ በለኛ!»

ይታየው ሳቀ። ሰው ፊት ከሳቀ ስንት ጊዜው!

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣ ጀመር። ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ ከሚቀበለው የማሽኗ ቦርድ የሚወጣው ኃይል ትንሽ ስለሆነ፣ ትልቁን ሞተር ለማዘዝ ሪሌ መሐል መግባት እንዳለበት አስረዳችው።

«ሪሌውን በር ጠባቂ ነው በለው። ሁለት መውጫ አለው። ይሄኛው ካልታዘዘ በቀር ኃይል አያሳልፍም። ያኛው ደግሞ ካልከለከሉት ዝም ብሎ ያሳልፋል። የምታስረው በዚህኛው በኩል ነው። አደራ!»

ይታየው የሚያየው ሪሌውን አልነበረም። ሽቦ የሚልጡትን ጣቶቿን ነበር።

ረቡዕ ዕለት፣ ሊያስደንቃት ብሎ ብቻውን አሰረው። ሞተሩ ተነሳ ሲባል ይቆማል፣ ቁም ሲባል ይነሳል። በተሳሳተው በኩል እንዳሰረው ገባው። ግን ሽቦውን ከመፍታት ይልቅ ኮምፒውተሩ ላይ «ተነሳ» የሚለውን ትእዛዝ «ቁም»፣ «ቁም» የሚለውን «ተነሳ» አድርጎ ቀየረው። ሠራለት።

ቅዳሜ ማንአለሽ አይታ በደስታ አጨበጨበች። «በነገርኩህ በኩል ነው ያሰርከው?»

«አዎ» አላት።

አመነችው። የሪሌውን ሳጥን እንኳ ከፍታ አላየችም።

አትሮንሱ ላይ የሚቀረጸው የሐረግ ጌጥ እኩሌታው እንዳለቀ መብራት ሄደ። ሁሉም ነገር ቆመ። ማንአለሽ ጎንበስ ብላ ፍቅፋቂውን በእጇ ትጠርግ ጀመር። መብራቱ ድንገት ተመለሰ። ቦርዱ ነቅቶ ከመከልከሉ በፊት፣ ሞተሩ ማንም ሳያዝዘው ተነሳ።

የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ተጎዱ። ሐኪም ጅማቱን ሰፋው፤ ጣቶቹ ግን እንደ ቀድሞው እንደማይታጠፉ ተነገራት። አባቷ መጥተው ወደ እስቴ ወሰዷት።

በሳምንቱ ደወለች። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይታየው። ተሳስቼ ነው ያስተማርኩህ። ተማሪዎቼንም እንደዚሁ ነው ያስተማርኳቸው። አንዱ ቢሞትብኝስ? ከዚህ በኋላ ክፍል አልገባም።»

እውነቱ ከንፈሩ ላይ ደረሰ። ቢናገር ያጣታል። ዝም ቢል የምትወደውን ሥራ በእሱ ውሸት ትተዋለች። «ጨርሶ ይማርሽ» ብሎ ዘጋው።

ሃያ ቀን እንቅልፍ አጣ። በሃያ አንደኛው ቀን፣ ያላለቀውን አትሮንስ ተሸክሞ፣ ሪሌውን ኪሱ ከትቶ እስቴ ገባ።

መሪጌታ ደጃፍ ላይ ተቀበሉት። «ባለማሽኑ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

ማንአለሽ እጇን በነጠላ ጫፍ ሸፍና ተቀምጣለች። «መልቀቂያዬን ጻፍኩ» አለችው። «በግራ እጅ ነውና የአንደኛ ክፍል ልጅ የጻፈው ይመስላል።» ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ይታየው ሪሌውን አውጥቶ እግሯ ሥር አስቀመጠው። «አልተሳሳትሽም። ባልሽው በኩል አይደለም ያሰርኩት። ስትጠይቂኝ አዎ ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»



«ልጄ ይህን ሁሉ ቀን ራሷን ስትከስ፣ አንተ እያወቅህ?» አሉ መሪጌታ።

«እያወቅሁ፣ የኔታ።»

ማንአለሽ ሪሌውን በግራ እጇ አነሳችው። ከዚያ ቀና ሳትል «ሂድልኝ» አለች።

አትሮንሱን እዚያው ትቶ ወጣ።

ሁለት ወር አለፈ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ማንአለሽ ተመልሳ ማስተማር እንደጀመረች ከሰው ሰማ። እሱ ማሽኗን በጨርቅ ሸፍኗት በእጁ ወንበር ይሠራ ነበር። አንድ ቅዳሜ በሩ ላይ ቆማ አገኛት። ከኪሷ ሪሌውን አወጣች።

«እሰረው። እኔ አያለሁ።»

ይታየው አሰረ። እሷ እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ እያደረገች አየች። ማሽኗን አስነሱ፤ ሞተሩ ሲታዘዝ ተነሳ። ከዚያ ዋናውን ማብሪያ አጠፋችው፤ መልሳ ልታበራው ስትል ሁለቱም ከማሽኗ ራቅ አሉ።

አበራችው። ሞተሩ ዝም አለ።

ሦስት ጊዜ ደጋገመችው። ሦስቱንም ጊዜ ዝም።

«አባቴ በአትሮንሱ እያነበቡ ነው» አለች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው። «እኩሌታው ሐረግ ግን ባዶ ነው። መጥቶ ይጨርሰው ብለዋል። ሲመጣም ብቻውን አይምጣ ብለዋል።»

ይታየው መፍቻውን አስቀመጠ።

«ሽማግሌ ስንት ይበቃል?»

ዞር ብላ፣ ከተጎዳችበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየችው። «ሦስት» አለች። «ብቻ ውሸት የማያውቁ ይሁኑ።»