የሞጣው ለፋፊና ንጋት ሳሙና

ለሰፊው ሕዝብ የሚገለጽ፦ በ1978 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጀመሪያ፣ ቢቸና ከተማ ውስጥ አንድ ላንድሮቨር ታጠበ። ክንውኑን በበላይነት የመሩት የገበያ ማስታወቂያ ማዕከሉ ኃላፊ ጓድ ገብረ ክርስቶስ ሲሆኑ፣ ያጠበው ሾፌሩ ሐምዱ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ዘንቦ ጭቃው ወደ ቦታው ቢመለስም በሪፖርቱ ላይ አልተጠቀሰም።

መኪናው የታጠበው ከአዲስ አበባ ተማሪ ትመጣለች ተብሎ ነው። ሀብትነሽ ትባላለች። በዩኒቨርሲቲ የገበያ ሥራ ተማሪ ስትሆን፣ ክረምቱን የተግባር ልምምድ እንድታደርግ ወደ ማዕከሉ ተልካ ነበር። ማዕከሉ ያለው አንድ ክፍል፣ አንድ ላንድሮቨር፣ መኪናው ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያና የሚያስተዋውቀው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፦ ንጋት የልብስ ሳሙና። ስኳሩም ጨርቁም በወረፋ በሚገኝበት በዚያ ዘመን ሕዝቡ አልገዛም ያለው ብቸኛ ነገር ይህ ሳሙና ነበር።

«ችግሩን አጥንተሽ ትነግሪናለሽ» አሏት ጓድ ገብረ ክርስቶስ። «እኛ የአድኃሪያን እጅ አለበት ብለን እንጠረጥራለን።»

የአድኃሪያኑን እጅ ያየችው በመጀመሪያው የሞጣ ገበያ ቀን ነው። ማይክራፎኑን ይዞ ከመኪናው የወረደው ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይን አፋር ወጣት ነበር። ፋንታ ይባላል። አፉን ሲከፍት ግን ከዚያ ቀጭን አካል የማይጠበቅ ድምፅ ወጣ፤ ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል።

«ስማ… ያልሰማህ ስማ… ንጋት ሳሙና… ገብቷል…»

ገበያው ጸጥ አለ። ሴቶች እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አደረጉ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ጎረቤቷን «የማን ቤት ነው?» ስትል ጠየቀች።

«ይኸውልሽ እንግዲህ» አለ ሐምዱ መሪውን ተደግፎ። «የሞጣ ዕድር ለፋፊ ነው። አባቱም ለፋፊ ነበር። እዚህ አገር ሰው ሲሞት በእሱ አፍ ነው የሚሰማው። ጓድ ደግሞ ድምፁ ሩቅ ይደርሳል ብለው ቀጠሩት። ወላሂ፣ እኔ ራሴ ሳሙናው መቼ እንደሚቀበር ነው የምጠብቀው።»

ሲመለሱ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሐምዱ ገበሬዎች ሊጠራ ሲሄድ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትናገረው?»

«ሌላ አላውቅም። አባቴ ‹የሚሰማህ ሰው ደንግጦ እንዳይወድቅ ቀስ ብለህ ንገረው› አለኝ።»

«ሳሙና ማንንም አያስደነግጥም።»

«ዋጋውን አላየሽውም መሰለኝ።»

ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ስትስቅ ግን አየት አደረጋትና ቶሎ ብሎ ወደ ጎማው አጎነበሰ።

ቆይቶ፣ አሁንም ጎማውን እያየ፣ «ይኼን ለጓድ ትነግሪያቸዋለሽ?» አላት። «ሥራሽ ስለሆነ አልቀየምሽም። ብቻ፣ ማዕከሉ ‹ለሥራ አስፈላጊ ነው› ስላለ ነው ቀበሌው ለውትድርና ሳይወስደኝ ያለፈኝ። እናቴ ከእኔ ሌላ የላትም።»

ሀብትነሽ ለጓድ ገብረ ክርስቶስ ምንም አልነገረቻቸውም። ማታ ማታ ከቢሮው ጀርባ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ታስተምረው ጀመር። ፈጠን በል ስትለው ለቀብር የቸኮለ ይመስላል፤ ከፍ አድርግ ስትለው ጥሩምባ ይሆናል። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጣ፣ «እንግዲያው ሳሙናውን ተወው፤ ደስ የሚል ነገር ለእኔ እንደምትነግረኝ አድርገህ በለው» አለችው።

ፋንታ ዓይኑን ከመሬት አንሥቶ ፊቷ ላይ አሳረፈው፤ እሷም ነጠላዋን ያለ ምክንያት አስተካከለች።

«ንጋት ገብቷል» አለ። የጠፋ በግ አግኝቶ እንደመጣ ሰው ነበር ያለው።

በሚቀጥለው የሞጣ ገበያ ሴቶቹ እየሳቁ ከበቡት። ሳሙናው ከሰዓት በፊት አለቀ። ጓድ ገብረ ክርስቶስ ድሉን ለፓርቲው አስመዘገቡ።

ነሐሴ ላይ ግን ብርዱ ጉሮሮውን ያዘው። በየገበያው ዝናብ ውስጥ ቆሞ ሲስል መስማት ከበዳት። ከራሷ ሻንጣ ካሴት አውጥታ ከድምፅ ማጉያው ጋር ያለው ቴፕ ውስጥ ከተተችና፣ «አንድ ጊዜ እንቅዳህና አንተ መኪና ውስጥ ትቀመጣለህ» አለችው። ተቀዳ። መጨረሻ ላይ፣ ማሽኑ መዞሩን ረስቶ፣ «ይበቃል ወይስ ልጨምር?» አላት። እሷም ሳቀች። ሌላ ካሴት ስላልነበረ ጥያቄውም ሳቁም እንዳለ ቀረ።

ክረምቱ አልቆ አውቶቡስ ስትሳፈር ፋንታ ሻንጣዋን ሳይለቅ ቆመ።

«ትመጫለሽ?»

«ሻንጣውን ካልሰጠኸኝማ መሄዴንም እንጃ።»

ሰጣት። እጁ ግን እጀታው ላይ ትንሽ ቆየ፤ የእሷም እጅ እዚያው ነበር።

በዓመቱ ተመረቀች። በምደባው ቀን ሁሉም አዲስ አበባን ሲለምን እሷ «ቢቸና» ስላለች መዝጋቢው ቀና ብሎ ጤንነቷን ጠየቃት።

ከአውቶቡስ እንደወረደች ድምፁን ሰማች። ከታችኛው መንገድ፣ ሳቅ ያዘለ፣ ራሱ ነው። ሻንጣዋን እየጎተተች ሮጠች። ላንድሮቨሩን አገኘችው። ውስጡ ሐምዱ ብቻውን ተቀምጧል፤ አጠገቡ ካሴት ይዞራል።

«እሱስ?»

ሐምዱ ካሴቱን አጠፋ። «ሰሜን ነው» አለ። «አንቺ በሄድሽ በኅዳር፣ ጓድ ‹ድምፁ ካሴቱ ውስጥ ካለ ሰውየው ምን ይሠራል?› አሉ። ማዕከሉ አሰናበተው። ቀበሌው ደግሞ ሳምንት አላሳደረውም።»

ጓድ ገብረ ክርስቶስ በሞቀ ሰላምታ ተቀበሏት። «ሐሳቡ ያንቺ መሆኑን በሪፖርት ገልጠናል» አሏት። «ተመስግነሽበታል።»

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ከሐምዱ ጎን ተቀምጣ ወደ ሞጣ ትሄዳለች። ድምፁ ከጭንቅላቷ በላይ፣ ከጣሪያው ላይ ይጮኻል። ያው ቦታ ላይ ይስላል፤ ያው ቦታ ላይ «ይበቃል ወይስ ልጨምር?» ይላል። ቀጥሎ አንዲት ልጅ ትስቃለች። ሀብትነሽ ያችን ልጅ አፏን ልትይዝላት ትመኛለች።

የፋንታ እናት እማማ ይርጋነሽ በየገበያው ቀን መጥተው መኪናው አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። እስኪጨርስ ሰምተው አንድ ሳሙና ገዝተው ይሄዳሉ። ቤታቸው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሳሙና ሆኗል።

አንድ የገበያ ጠዋት ላንድሮቨሩ ሞጣ ሲገባ የዕድሩ ሽማግሌዎች እማማ ይርጋነሽ ደጃፍ ቆመዋል። መርዶ ይዘው ነበር፤ ፋንታ ወድቋል ተብሏል። ሽማግሌዎቹ «አረፈ» ሲሉ ድምፅ ማጉያው «ንጋት ገብቷል» አለ።

«ልጄ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ ወደ ሀብትነሽ ቀርበው፣ «እባክሽ ዝም አሰኚው። ሴትዮዋ ታልቅስ።»

እጇን ዘረጋች።

«እንዳትነኪው» አሉ እማማ ይርጋነሽ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ካሴት መሆኑን አውቃለሁ፤ አልጃጀሁም። ግን የዚህን አገር ሞት ሁሉ በማን አፍ ሰማችሁ? የማንን መርዶ ነው ያለ እሱ ያመናችሁት? እሱ ያልተናገረውን ሞት አልቀበልም። ሂዱ።»

ሽማግሌዎቹ መርዶአቸውን ይዘው ተመለሱ። እውነትም ሞጣ እሱ ከሄደ ወዲህ ሌላ ለፋፊ አልሾመም።

ካሴቱ ግን ሰው አልነበረም። በጸሐይና በአቧራ እየተለጠጠ ሄደ። ድምፁ መጀመሪያ ዝግ አለ፤ ቀጥሎ ወፈረ። ሳቁ ከውስጡ ተንጠፍጥፎ አለቀ። «ንጋት… ገብቷል…» የሚለው የጥንቱ ለፋፊ ተመልሶ መጣ። ሴቶቹ እንደገና ጉንጫቸውን ያዙ።

አንድ ቀን እማማ ይርጋነሽ ድንጋዩ ላይ ሆነው ሰሙና ተነሡ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አሁንስ እየነገረኝ ነው መሰለኝ» አሉ፤ እጃቸው ወደ ነጠላቸው ሄደ፣ ሊያዘቀዝቁት።

ሀብትነሽ ካሴቱን መንጭቃ አወጣች። ክሩ ጣቶቿ ላይ ተጠመጠመ። ማይክራፎኑን አነሣች።

«እማማ፣ እሱ አይደለም፤ ካሴቱ ነው የደከመው» አለች፣ በድምፅ ማጉያው፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ። «እኔም ገና አልተቀበልኩም። ሲመጣ ራሱ ይናገር። እስከዚያ እኔ እለፍፋለሁ።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን መለሱት። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ።

«በይ እንግዲህ ለፍፊ» አሏት። «አንገትሽን ግን ሸፍኚ፤ ብርድ ነው።»

ለፈፈች። ክረምትም በጋም ለፈፈች። ካሴቱ ቢጣልም ሌሊት ጆሮዋ ውስጥ መዞሩን አልተወም። ጓድ ገብረ ክርስቶስ ካሴቱን አበላሽታለች ብለው ደመወዝ ሊያስቀንሱባት ፈለጉ፤ እሷም እሺ አለች።

አንድ ረፋድ ቢቸና መናኸሪያ አጠገብ ማይክራፎኑን ይዛ ስትለፍፍ፣ ወደ ሞጣ የሚሄደው አውቶቡስ ቆመ። ካፖርት የለበሰ፣ ግማሽ አንገቱ በጠባሳ የተጨማደደ ሰው ወረደ። ሰዎቹን ቀስ እያለ አልፎ ፊቷ ቆመ።

«ሳሙናው ስንት ነው?» አለ። ድምፁ ክር ያህል ነበር፤ ነፋስ ቢኖር አይሰማም።

ድምፁን አላወቀችውም። ዓይኑን አወቀችው። ማይክራፎኑ ከእጇ ወደቀና ድምፅ ማጉያው ጮኸ። ሰው ሁሉ ጆሮውን ሲይዝ እሷ የካፖርቱን ኮሌታ ይዛ ቆማ ነበር።

ጩኸቱን ሰምተው ጓድ ገብረ ክርስቶስ ከቢሮ ወጡ።

«ፋንታ ነህ? አንተ… ሞተህ አልነበር እንዴ?»

«ተሳስተው ነው።»

«ታዲያ እናትህ ሞጣ እየጠበቁህ፣ አውቶቡሱ ሞጣ እየሄደ፣ እዚህ ምን አወረደህ?»

የአውቶቡሱ ረዳት «ሞጣ! ሞጣ!» እያለ በሩን ደበደበ። ፋንታ ዞሮ አላየውም። ሐምዱ ሳይታዘዝ የላንድሮቨሩን ሞተር አስነሣና የፊተኛውን በር ለሁለት ሰው ከፈተ። አውቶቡሱ ሄደ።

«እኮ ለምን ወረድክ?» አሉ ጓድ ገብረ ክርስቶስ።

«አልናገርም» አለ ፋንታ።