በእጅ የሚዞረው መብራት

ሬዲዮ ጠጋኙ አዛውንት በሥራ ክፍላቸው ወለል ላይ በጀርባቸው ተዘርረው ተገኙ። ጭንቅላታቸው ከኋላ ተፈንክቷል፤ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የታሰረው የብረት መቆንጠጫ፣ ሞርሳው፣ ደም ነክቶታል። መርማሪው በሩ ላይ ቆሞ በረጅሙ ተነፈሰ። ሰው ሲቸኩል «ኧረ ቀስ በሉ» ማለት ስለሚወድ ባልደረቦቹ «ቀስ በሉ» ብለው ይጠሩታል። ጡረታው ደርሷል፣ እግሩ ያብጣል፣ ሬሳ ማየትም ሰልችቶታል። ምን ያድርግ፣ የተጠራው እሱ ነው።

ጠረጴዛው ላይ አንድ መሣሪያ ተቀምጧል። ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጡ ማግኔቶች ዘንግ ላይ ተጣብቀዋል፤ ዙሪያቸውን ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሏል። እጀታው ሲዞር ማግኔቶቹ ይሽከረከሩና ከሽቦው የሚወጣው ኤሌክትሪክ አንዲት ትንሽ አምፖል ያበራል። የሽቦው ሁለት ጫፎች አምፖሏ ላይ ተጠምጥመዋል።

የሟቹ ወንድ ልጅ ግቢው ውስጥ በካቴና ታስሮ ቆሟል። ያሳሰረው የእህቱ ባል ነው፤ እዚያው ግቢ የሚኖር የጭነት መኪና ሹፌር።

«ትናንት ምን አየህ?» አለው መርማሪው።

«አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ፣ ጌታዬ። እንዴት አመሹ ልላቸው ስገባ ይህችን እጀታ ያዞራሉ፤ አምፖሏ ቦግ ብላለች! ደስ ብሏቸው ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማርና። እኔ ስወጣ ይሄ ልጅ ገባ። ሰሞኑን እንደተጣሉ ነው የከረሙት።»

«መብራቷን በዓይንህ አየሃት?»

«እንዴታ! ፊታቸው ላይ ታበራ ነበር።»

ልጁ በበኩሉ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ስመጣ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነበር። ከደጅ ሆኜ ‹አባዬ› አልኩ፣ መልስ የለም። ተኝቷል ብዬ ተመለስኩ።»

«ምን አጣላችሁ?»

«ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ ልሂድ ስለው፣ ‹እናትህን ማን ያነሳታል?› አለኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር የመጣሁት።»

እህቱ ሻርፗን ጉንጯ ድረስ ተሸፋፍናለች።

«ጥርስሽን አሞሽ ነው?»

«አዎ» አለች፣ ባሏን አየት አድርጋ።

እናትየው አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። መርማሪው ወደ ክፍላቸው ሲገባ እጁን ለቀም አደረጉት። «ልጄ፣ ባሌ ጨለማ እንደምፈራ ያውቃል፤ መብራት እየሠራልኝ ነበር። እሱ ሞተ። ልጄንም ልትወስዱብኝ ነው። እኔን ማን ያገላብጠኝ?»

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ እማማ» ብሎ እግሩን እየጎተተ ወደ ሥራ ክፍሉ ተመለሰ።

እጀታውን አዞረው። ያለ ምንም ልፋት ተሽከረከረ፤ አምፖሏ ግን አልበራችም። ከኪሱ የባትሪ ድንጋይ አውጥቶ አምፖሏን ለብቻዋ ሞከራት፤ በራች። መነጽሩን አድርጎ የሽቦውን ጫፎች አገላብጦ አየ፣ ከዚያም ሁሉንም እናትየው ክፍል አስጠራቸው። መጋረጃው ተዘግቶ ክፍሉ ጨለምለም ብሏል።

«እህቴ» አለ መሣሪያውን ለሟቹ ሴት ልጅ እያቀበለ፣ «ምን ጎደለው?»

በጥፍሯ ጫፉን ነካ ነካ አደረገችው። «አልተፋቀም። ይህ ሽቦ ቫርኒሽ የተቀባ ነው፤ ሲያዩት ራቁቱን ይመስላል እንጂ ተሸፍኗል። ካልተፋቀ አያበራም። አባዬ ከልጅነታችን ጀምሮ ሲያስፍቀን ነው የኖረው።»

«ወንድምሽስ ይረሳዋል?»

«እሱማ በእንቅልፍ ልቡም ይፍቀዋል!»

መርማሪው ወደ ሹፌሩ ዞረ። «እንግዲህ ይህች አምፖል ትናንት አልበራችም። አንተ ግን ፊታቸው ላይ ስታበራ አየሁ አልክ።»

«ምናልባት... ተሳስቼ ይሆናል።»

«ቀስ በል፣ አልጨረስኩም። አዛውንቱ አምፖሏን ገና አላገናኟትም ነበር፤ እሳቸው ቢሆኑ ፍቀው ነበር የሚያገናኟት። በሕይወት ትቻቸው ወጣሁ ለማለት መብራቷ ተሠርታ ያለቀች መምሰል ነበረባት። መኪና ላይ የሽቦውን ፕላስቲክ ትልጣለህ፣ መዳቡ ሲታይህ ታገናኛለህ። እዚህም መዳብ መስሎ ታየህና ጠመጠምከው። አዙረህ እንዳትሞክረው ደግሞ ብርሃኑን በመስኮት አይቶ ሰው እንዳይገባብህ ፈራህ።»

«ለምን ብዬ እገድላቸዋለሁ? ምን በደሉኝ?»

ሚስቱ ሻርፗን አወለቀች። ጉንጯ አብጦ ጠቁሯል። «አባዬ ትናንት አየው። ‹ዛሬ አናግረዋለሁ› አለኝ» አለች። ከዚያ ወንድሟን አየችው። «ሲያስሩህ ዝም አልኩ፣ ወንድሜ። ፈራሁ።»

ሹፌሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «ውጣልኝ አሉኝ፤ ገፈተርኳቸው። ይሞታሉ ብዬ መቼ አሰብኩ።»

ካቴናው ከልጁ እጅ ወደ ሹፌሩ ተዛወረ፤ ፖሊሶቹም ይዘውት ወጡ። መርማሪው ደስታ አልተሰማውም፣ ድካም ብቻ።

«ያ ነገር» አሉ እናትየው፣ «ይበራል?»

ልጁ የታሰረበትን የእጅ አንጓ እያሻሸ ቢላ አመጣ፤ ጫፎቹን ፍቆ እንደገና አገናኘ። መርማሪው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጀታውን አዞረ። አምፖሏ ኤሌክትሪክ ስትስብ እጀታው አሁን ከበደው። አምፖሏ ተርገብግባ በራች፤ የአሮጊቷ ፊት በእንባ ርሷል።

«አታቁመው፣ ልጄ።»

አላቆመም፣ ክንዱ እስኪዝል ድረስ። ልጁ ሊያግዘው እጁን ዘረጋ። ሲቀባበሉ መብራቱ ጠፋና ክፍሉ ጨለመ።

«አለህ?» አሉ እናትየው ደንግጠው።

«አለሁ፣ እማዬ» አለ ልጁ፤ እጀታውንም ማዞር ጀመረ።